«ተመለስ» የሚለው ትእዛዝ

ይህ የሆነ ነገር ነው።

ያመነ ይመን፤ ያላመነ ካልጋሪ፣ ራንድል ሰፈር ድረስ መጥቶ እንድርያስን ይጠይቅ። የማኅበር ጓደኛዬ ነው። ከራሱ አፍ ሰምቼ፣ ከልጁም አረጋግጬ ነው የምጽፍላችሁ።

ደግሞ እንደምትጠብቁት በእኩለ ሌሊት አይደለም የሆነው። ቅዳሜ፣ ከቀኑ ስምንት ሰዓት ከሩብ ላይ ነው። ወሩ የካቲት ቢሆንም ቺኑክ የሚሉት ሞቃት ነፋስ ከተራራው ወርዶ በረዶውን እያቀለጠው ነበር። ከየጣሪያው ውሃ ይንጠባጠባል። ፀሐይ በእንድርያስ ምድር ቤት፣ በቤዝመንቱ፣ ትንሽ መስኮት ገብታ ምንጣፉ ላይ አርፋለች።

በጠራራ ፀሐይ ነው የምላችሁ...

እንድርያስ ጡረታ የወጣ፣ ዝምተኛ ሰው ነው። በማግስቱ እሁድ የታናሽ ወንድሙ የኪራኮስ ሙት ዓመት ነበር። አርባ ስድስተኛው።

ኪራኮስ በሰባ አንድ ዓ.ም. በሱዳን በኩል ሲሰደዱ በረሃ የቀረ የአስራ ዘጠኝ ዓመት ልጅ ነው። ሲሞት ያየው አንድ ሰው ብቻ ነው። የእንድርያስ የልብ ጓደኛ፣ ዮፍታሄ።

ሦስቱ አብረው ነው የወጡት። ድንበሩ አንድ ቀን ሲቀረው፣ አንድ ወንዝ ከፊታቸው እያለ፣ የኪራኮስ እግር ተሰበረ። እንድርያስ ከመንገድ መሪው ጋር አህያ ፍለጋ ወደፊት ሄደ። ዮፍታሄ ከልጁ ጋር አንድ ዋሻ ውስጥ ቀረ።

በማግስቱ ዮፍታሄ ብቻውን መጣ።

ወባ በአንድ ሌሊት እንደጨረሰው፣ በገዛ እጁ እንደቀበረው፣ ፊቱን በነጠላው ሸፍኖ ወደ ምሥራቅ እንዳዞረው እያለቀሰ ነገረው። እንድርያስ አመነው። ለምን አያምነውም?

ከዋሻው በኋላ በአምስተኛው ቀን ሱዳን ውስጥ ገዳሪፍ ሲደርሱ ከስደተኞቹ መሀል አንድ ቄስ ፈልጎ ፍትሐት አስደረገ። እናታቸውም አዲስ አበባ ተዝካሩን አወጣች። ሁለቱ ጓደኛሞች ካልጋሪ አብረው መጡ። ዮፍታሄ የእንድርያስ አንደኛ ሚዜ ሆነ። በየዓመቱም ሙት ዓመቱ ላይ ተነስቶ ያንን ቀብር ይተርካል። ሰው ያለቅሳል፤ እሱም ያለቅሳል።

እንድርያስ የቀረችው አንዲት ምኞት ነበረች። ሳይሞት የወንድሙን አጽም አንስቶ ከእናቱ ጎን ማሳረፍ።

ቦታውን በጠየቀው ቁጥር ዮፍታሄ ራሱን ይነቀንቃል። «ጠፍቶኛል ወንድሜ፤ በረሃ ሁሉ አንድ ነው» ይለዋል።

አሁን ሁለቱ አንድ ጊዜ ወደ ሠሩት የኮምፒውተር ጨዋታ ልምጣ።

በሰባ አራት ዓ.ም. ሁለቱ አንድ የነዳጅ ድርጅት የኮምፒውተር ክፍል ውስጥ ሥራ አገኙ። ማሽኑ ሜይንፍሬም የሚሉት፣ አንድ ሙሉ ክፍል የሚሞላ ነው። የቢሮው ሰዎች በምሳ ሰዓት የጽሑፍ ጨዋታ ይጫወቱበት ነበር። ስዕል የለውም። «ዋሻ ውስጥ ነህ፤ በሰሜን መውጫ አለ» ይልሃል፤ አንተ «ሰሜን» ብለህ ትጽፋለህ፣ ትሄዳለህ።

ሁለቱ አብረው የራሳቸውን ሠሩ። አማርኛ ነው፤ ግን ማሽኑ ሌላ ስለማያውቅ በእንግሊዝኛ ፊደል የተጻፈ። መቶ አስራ ሁለት ቦታዎች ነበሩት፤ ዋሻው፣ ገደሉ፣ ወንዙ ሁሉ። ተጫዋቹን የሚከተል አንድ ጓደኛም ነበረው። እንድርያስ ስሙን ኪራኮስ አለው።

በዚያ ጨዋታ ውስጥ ኪራኮስ ሁልጊዜ ወንዙን ይሻገር ነበር። እንድርያስ ጨዋታውን የሠራው ለዚያ ነው።

ከዓመት በኋላ ዮፍታሄ በቴሌቪዥን የምትሠራ ትንሽ የቤት ኮምፒውተር ገዛ። ጨዋታውን ወደሷ እናዛውረው ተባባሉ። ችግሩ ቦታ ነበር። የትንሿ ማሽን ሚሞሪ አስራ ስድስት ኪሎባይት ብቻ ነው፤ ምንም ቢጨመቅ ከአስር ገጽ ጽሑፍ በላይ አይችልም። ኩንታል ጤፍ ጣሳ ውስጥ እንደመክተት በሉት።

ስለዚህ ቆረጡ። ከመቶ አስራ ሁለቱ ሠላሳ ቦታ ቀረ።

«ተመለስ» የሚለውም ትእዛዝ ተቆርጦ ወጣ። ወደፊት እንጂ ወደኋላ መሄድ የለም። ይህን ያለው ዮፍታሄ ነው፤ ቦታ ይቆጥባል ብሎ። ቀጥሎ ኪራኮስም ይውጣ አለ። እንድርያስ እምቢ ብሎ ተጣላው። መጨረሻ ላይ ዮፍታሄ እሺ፣ አሳጥረዋለሁ ብሎ ነገሩ በረደ።

አሠራራቸውን ልብ በሉልኝ።

ሁለቱን ማሽኖች የሚያገናኝ ገመድ አልነበረም። ቦታ ለመቆጠብ ደግሞ እያንዳንዱ ቃል በቁጥር ተተክቷል። ዮፍታሄ ቤቱ ተቀምጦ ቃሉን ወደ ቁጥር ይለውጣል። ቅዳሜ ቅዳሜ እሱ ያነባል፣ እንድርያስ ይጽፋል። አርባ ሁለት... ሰባት... መቶ ሦስት... እንድርያስ ዓይኑን ከቁልፎቹ አያነሳም። ቁጥሩ ምን ቃል እንደሆነ አያውቅም፤ አልጠየቀምም። የጓደኛውን ንባብ ማን ይጠራጠራል?

ሥራው አልቆ ካሴት ላይ ተቀዳ። ኪራኮስ ዋሻው ውስጥ ቁጭ ብሎ ይታያል፤ ወንዙ ጋ ግን ስሙ አይነሳም። እንድርያስ ምነው ሲለው ዮፍታሄ «ቦታ አልበቃም፤ መሻገሩማ ይታወቃል» አለው። ወዳጆቻቸው ሁለት ሳምንት ተጫወቱበትና ተረሳ።

ያቺን እንድርያስ ዘንድ የቀረች ማሽን ነው ኢየሩስ ከነካሴቷ ከጋራዡ ያገኘቻት።

ኢየሩስ የእንድርያስ ልጅ ናት፤ ዳውንታውን የኮምፒውተር ሥራ ትሠራለች። የማሽኗን የተበላሸ ዕቃ ቀየረች፣ ከቴሌቪዥኑ ጋር አገናኘቻት፣ አባቷንም ጠርታ አጠገቧ አስቀመጠች። ፊደል ማንበብ አትችልም። ይህንን ግን ትችላለች።

«አባዬ፣ ይሄ ለኔ ኢዚ ነው። አማርኛ በእንግሊሽ ሌተርስ!» ብላ ሳቀች።

ካሴቱ መሽከርከር ጀመረ። የሚያንጫጫ ድምፅ አለው። እንድርያስ ጨዋታው ተጭኖ እስኪያልቅ አራት ደቂቃ እንደሚፈጅ ያስታውሳል።

የዚያን ቀን አስራ አንድ ደቂቃ ፈጀ።

ካሴቱ አልቆ ቆመ... ጫጫታው ግን ወዲያው አልቆመም። እንድርያስ ቴሌቪዥኑ ይሆናል ብሎ አለፈው።

ኢየሩስ መጫወት ጀመረች። ገደሉን ወረደች፣ ዋሻው ገባች። ኪራኮስ ቁጭ ብሏል። ወጣች፣ ወንዙ ጋ ደረሰች።

«ተሻገርክ» አለ ስክሪኑ። በቃ።

ኢየሩስ ልጁስ የት ሄደ ብላ ጠየቀች። አባቷ የቦታውን ችግር አስረዳት። አልተዋጠላትም። የተቆረጠውን ትእዛዝ ስለማታውቅ ዝም ብላ ጻፈችው።

«ተመለስ።»

እንድርያስ ፈገግ አለ። አይሠራም፣ አውጥተነዋል ሊላት አፉን ሲከፍት...

ስክሪኑ መለሰ።

«ተመለስክ። ዋሻው አፍ ላይ ድንጋይ አለ። ድንጋዩን የገጠምኩት እኔ ነኝ።»

እንድርያስ ክው አለ።

«ኪራኮስ ሕያው ነበር። ይጮህ ነበር። ወታደሮች ቅርብ ነበሩ። ውሃ አምጥቼ እመለሳለሁ አልኩት። አልተመለስኩም። ዮፍታሄ።»

ኢየሩስ ወደ አባቷ ዞረች። «አባዬ... ይሄ ፓርት ኦፍ ዘ ጌም ነው?» አለችው ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ።

እንድርያስ ጣቶቹን ያይ ነበር። አርባ ሁለት፣ ሰባት፣ መቶ ሦስት... ይህንን ቃል በቃል የጻፈው እሱ ነው፤ በእነዚህ ጣቶች። ጓደኛው ፊት ለፊቱ ቁጭ ብሎ፣ ሻይ እየጠጣ፣ አንብቦለታል።

እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል ይባላል። አርባ ስድስት ዓመት ግን ለማደርም ይበዛል።

እዚህ ላይ ማሽኗን ማጥፋት ነበረበት። እኔም ብዬዋለሁ። እሱ ግን የልጁን ወንበር ወደ ጎን ገፍቶ ራሱ ጻፈ።

«ድንጋዩን አንሳ።»

«ድንጋዩ ተነሳ። ጨለማ ነው።»

ትንሽ ቆየ...

«ማን ነው?»

ከዚያ ጽሑፉ መፍሰስ ጀመረ። ማንም ቁልፍ አልነካም።

«ሁለተኛ ቀን። ውሃ የለም። ዮፍታሄ ይመጣል።»

«ሦስተኛ ቀን። ዮፍታሄ መንገድ ጠፍቶበት ነው።»

«አምስተኛ ቀን። ከሩቅ ስሜን ሲጠሩት ሰማሁ። ቄስ ነው። ፍትሐት ነው የሚያደርሱልኝ። እኔ እኮ ገና አልሞትኩም።»

ያንን ቄስ ፈልጎ ያመጣው እንድርያስ ነው። ለሕያው ወንድሙ ፍትሐት አስደርጓል። በጓደኛው ቃል።

ጽሑፉ ቀጠለ። አስረኛ ቀን... አርባኛ ቀን... መቶኛ ቀን...

ኢየሩስ ከአባቷ ቀድማ የነቃችበት አንድ ነገር ነበር። ሰዓቷን አየች፤ ሃምሳ ደቂቃ ሙሉ እያነበቡ ነው።

«አባዬ» አለችው በሹክሹክታ፣ «ይሄ ሁሉ ቴክስት ሲክስቲን ኬ ውስጥ አይገባም። ኢምፖሲብል ነው።»

እንድርያስ ያውቃል። አስር ገጽ ነው የምትችለው። እነሱ ያነበቡት መቶ ገጽ አልፏል።

«አምስት ሺህ አንድ መቶ አስራ ስድስተኛ ቀን። ዛሬ እማዬ በዚህ በኩል አለፈች። ጠራኋት። አልሰማችኝም።»

እንድርያስ ጠረጴዛው ላይ ባገኘው ፖስታ ጀርባ አሰላው። ሁለት ጊዜ አሰላው። እናቱ ያረፈችበት ቀን ነው፤ የካቲት ሰማንያ አምስት። ካሴቱ ደግሞ የተቀዳው ከዚያ አስር ዓመት ቀድሞ ነው።

ጽሑፉ ቆመ...

«እንድርያስ ነህ?»

«ነኝ» ብሎ ጻፈ።

«አጠገብህ ያለችው ልጅ እማዬን ትመስላለች።»

ኢየሩስ ከወንበሯ ተነስታ እስከ ደረጃው ድረስ ወደኋላ ሄደች። ከዚያ ወዲያ ወደ ስክሪኑ አልተጠጋችም።

ልክ በዚያን ጊዜ የላይኛው ቤት በር ተከፈተ።

«ቤቶች!» አለ ድምፅ።

ዮፍታሄ ነው። ለነገው ሙት ዓመት ጧፍና ውሃ ገዝቶ መጥቷል። ቁልፍ አለው፤ ቤተሰብ ነው እኮ። እንደ ልማዱ እየሳቀ ወደ ቤዝመንቱ ወረደ፣ የኢየሩስን ትከሻ መታ አደረገ፣ ማሽኗን አይቶ እንዴት አገኛችኋት ሊል ፈልጎ ነበር።

ስክሪኑን አየ።

ፊቱ አመድ መሰለ።

እንድርያስ አልጮኸም። ከወንበሩም አልተነሳም።

«ሕያው ነበር?» አለው።

«ነበር።»

«ሲጮህ ሰምተኸዋል?»

«እስከ ወንዙ ድረስ» አለ።

ቤቱ ውስጥ የሚሰማው ከጣሪያው የሚንጠባጠበው ውሃ ብቻ ነበር።

ከዚያ ዮፍታሄ ደረጃው ላይ ተቀመጠና ሳይጠየቅ ተናገረ። ለንስሐ አባቱ መናገር አቅቶታል። ለእንድርያስም አቅቶታል። ያንን ጽሑፍ ወደ ቁጥር ለውጦ ያነበበለት ቀን ግን ሸክሙ ቀሎት ነበር።

«አንተ ራስህ ስለጻፍከው... የነገርኩህ ያህል ተሰማኝ» አለው።

እንድርያስን ያቃጠለው ድንጋዩ አልነበረም፤ ይህንን እኔ ሳልሆን እሱ ነው ያለኝ። ልጆች ነበሩ፣ ወታደር ከበባቸው፣ ፍርሃት ሰውን ምን እንደሚያደርግ ያውቃል። ምናልባት ይቅር ይለው ነበር። አንጀቱን የቆረጠው ከዚያ በኋላ ያለው ነው። አርባ አምስት ሙት ዓመት ቁጭ ብሎ መብላቱ። ያ ነጠላ፣ ያ ምሥራቅ፣ ያ እንባ። እናቱ በስልክ «ፊቱን ሸፈንክልኝ ልጄ?» ስትለው «አዎ እማማ» ማለቱ። እናቱ ይህንን ሰው መርቃ ነው የሞተችው። እንድርያስ ከሚስቱ እንኳ የደበቀውን ለእሱ ሲነግር የኖረ ሰው ነው፤ አንድም ቀን እውነተኛ ጓደኛ እንዳልነበረው ያን ጊዜ ገባው።

«ነገ እንዳትመጣ» አለው። «ቦታውን ንገረኝና ውጣ።»

ዮፍታሄ አልሰማውም። ዓይኑ ስክሪኑ ላይ ነበር። ቀስ ብሎ ተነስቶ ተጠጋ፣ ስለ ቀኖቹ የተጻፈውን አነበበ፣ አፉን በእጁ ያዘ።

«ይሄ የኔ አይደለም» አለ በሹክሹክታ። «እኔ የጻፍኩት እስከ ድንጋዩ ነው። ስሜን ጽፌ አቆምኩ። ከዚያ በኋላ ያለውን... አልጻፍኩትም።»

አዲስ መስመር ወጣ።

«ዮፍታሄ፣ ውሃውን አመጣህ?»

ዮፍታሄ እጁን ተመለከተ። የገዛው የታሸገ ውሃ አሁንም እጁ ላይ ነበር።

እንድርያስ ቁልፎቹ ላይ ወደቀ። ዕድሜውን ሙሉ የፈለገው አንድ ነገር ነው፤ ጻፈው።

«ኪራኮስ፣ ና። እኔ አወጣሃለሁ። ከእማዬ ጎን አሳርፍሃለሁ።»

ረጅም ጊዜ ቆየ...

«አንተ ቦታውን አታውቀውም። ዮፍታሄ ያውቀዋል።»

ቀጥሎ...

«ከእሱ ጋር እሄዳለሁ።»

ስክሪኑ ባዶ ሆነ። እንድርያስ ወንድሜ ብሎ ጻፈ። እኔ ነኝ ብሎ ጻፈ። ተመለስ ብሎ ጻፈ። ማሽኗ ትእዛዙን አላውቀውም አለችው።

ዮፍታሄ ደረጃውን መውጣት ጀመረ። ውሃውን ይዞታል። ኢየሩስ እንዲያልፍ ብላ ከግድግዳው ተለጠፈች። እሱ አልፎ ሄደ... እሷ ግን ከግድግዳው አልተላቀቀችም። ሌላ ሰው እስኪያልፍ የምትጠብቅ ትመስል ነበር። ለምን እንደዚያ እንዳደረገች ብጠይቃት እስከ ዛሬ አታውቀውም።

እንድርያስ ተከትሎ ወጣ። አንገቱን ይዞ ቦታውን ሊያስነግረው ነው የወጣው። ሳሎኑ መስኮት ጋ ሲደርስ ግን ያየው ነገር አቆመው።

ዮፍታሄ መኪናው ጋ ደርሷል። መጀመሪያ የከፈተው የራሱን በር አይደለም። በቀኝ በኩል ያለውን ከፈተ። ጎንበስ ብሎ ቆየ፣ አንድ የታመመ ሰው እንደሚያስገባ። በሩን ቀስ አድርጎ ዘጋው፣ ዞሮ መሪው ላይ ተቀመጠ።

ሞተሩን አስነሳ። ቀኑ ሞቃት ስለሆነ መስኮቱ ክፍት ነበር። መኪናው ውስጥ ያለችው ደወል መጮህ ጀመረች፤ የተቀመጠ ሰው ቀበቶ ሳያስር ሲቀር የምትጮኸው።

ዮፍታሄ የራሱን አስሯል።

ተንጠራርቶ የጎኑን ቀበቶ ሳበ፣ በባዶው ወንበር ላይ አሻግሮ ቆለፈው። ደወሏ ዝም አለች። የውሃውን ክዳን ከፍቶ ጠርሙሱን ወደ ጎን ዘረጋ።

እንድርያስ መስታወቱን በመዳፉ መታ። ኪራኮስ እያለ መታው። ዮፍታሄ ዞር አላለም። ጠርሙሱን እንደያዘ ይጠብቅ ነበር፤ ውሃውም በፀሐይዋ ብርሃን ውስጥ ቀስ እያለ፣ ጉንጭ በጉንጭ፣ ይጎድል ነበር።